ፒስተኑን ከመግዛትህ በፊት የውሃ ፓምፑን ፍታው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። አሮጌ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያማሃ የጀልባ ሞተር፣ ሁለት ሲሊንደር ቱ ስትሮክ፣ ጠዋት ከባህር ዳር ስትነሳ ሰላም ነው፣ ከዘጌ ስትመለስ ግን ይሞቅና ጉልበት ያጣል፣ መካኒኩ ደግሞ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል ቀይር ብሎሃል። ሊሆን ይችላል። ግን እኔም እንደዛ ተብዬ ቀይሬ የደረሰብኝን ልንገርህና ከዛ ራስህ ወስን።

ፒስተን ከነፋሻው ገዛሁ፣ ተገጠመ፣ ሞተሩ ድምፁ ሁሉ አማረ። ሶስት ሳምንት ሳይሞላው ክብራን ገብርኤል ጋ ስንደርስ ቀጥ! ሰው ጭኜ ገመድ እየሳብኩ ስታገል እንጨት የጫነ ታንኳ እየቀዘፈ በጎናችን አልፎን ሄደ፣ ሃፍረቱ እስካሁን አለቀቀኝም። ሲፈታ የላይኛው አዲሱ ፒስተን ተጫጭሯል። የዛኔ ነው የሞተሩን የታችኛውን እግር (ውሃ ውስጥ የሚገባውን ክፍል) አውርደን የውሃ ፓምፑን ያየነው፣ ኢምፔለሯ (ውሃውን የምትገፋዋ ባለ ክንፍ ጎማ) ሁለት ክንፍ የላትም፣ የቀሩትም ወደ አንድ ጎን ተኝተው ደርቀዋል፣ ሳህኗም በአሸዋ ተቦርቡራለች። እና ፒስተኑን የገደለው ሙቀት ነው፣ ሙቀቱን ያመጣችው ደግሞ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ጎማ። እኔ ሟቹን ቀይሬ ገዳዩን እዛው ትቼዋለሁ ማለት ነው።

የኛ ሃይቅ ደግሞ ዳርዳሩ ደለል ስለሆነ ወደብ ስትጠጋ ጭቃ ይስባል፣ እምቦጭ መሃል ካለፍክማ ሥሩ የውሃ መግቢያውን ይደፍነዋል። ስለዚ መጀመሪያ ሞተሩን አስነስተህ ከኋላ የምትረጨዋን ውሃ እያት፣ ከቀጠነች ፓምፑን ፍታ። ክንፍ ከጎደለ ስብርባሪውን ከውሃ ቱቦው ውስጥ ፈልገህ አውጣው፣ አለበለዚያ አዲስ ብትገጥምም መንገዱ እንደተዘጋ ነው።

ከዛ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለካ፣ ሁለቱንም ካንዴላ አውጥተህ ገመዶቻቸውን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነክተህ ጌጁን በየተራ በካንዴላው ቀዳዳ ገጥመህ ጋዙን እስከመጨረሻው ከፍተህ የጌጁ መርፌ እስክትቆም የማስነሻ ገመዱን ሳብ። ማኑዋሉ ላይ ካለው ቁጥር ዝቅ ቢል አትደንግጥ፣ ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ በጤነኛ ሞተርም ጌጁ ከባህር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ይላል። ዋናው የሁለቱ ሲሊንደር ልዩነት ነው፣ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ካለፈ አዎ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ይከፈት።

ተከፍቶ ሲሊንደሩ ላይ ጥፍርህን የሚይዝ ጭረት ካለ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው፣ ሬቲፊካ (ሲሊንደሩን አስፍቶ መቁረጥ) ይግባ። ግን ኦቨርሳይዙን (ከመደበኛው ሰፋ ያለውን) ፒስተን መጀመሪያ ግዛ፣ በ0.25 ይሁን በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ገበያ ላይ ያገኘኸውን፣ ከዛ ሲሊንደሩ በሱ ልክ ይቆረጥ፣ ገልብጠህ ካደረከው ልኩን ስትፈልግ ወር ይሞላሃል። ስትገጥም ደግሞ ፒስተኑ ላይ ፋሻው በሚገባበት ጎድጎድ ውስጥ ያለችዋን ትንሽ ፒን እያት፣ የፋሻው አፍ እሷ ላይ ካልተቀመጠ ሲገባ ይሰበራል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ከቤንዚኑ ጋር የምትቀላቅለውን ዘይት እጥፍ አድርግ፣ በ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ የምታደርግ ከነበረ 800፣ ሙሉ ጋዝም አትስጠው።

ኮምፕሬሽን ጌጅ ከሌለህ እኔ ጋ አለ፣ ጠዋት ጠዋት ወደቡ ላይ ስለማልጠፋ ና ውሰድ። ብቻ የኢምፔለሯን ፎቶ ሳትለጥፍልን ፒስተን እንዳትገዛ።