የጥርስ ሕክምና በሃይብሪድ ወይስ በአካል?

ሰላም እህቴ። ታናሽ ወንድምሽ የጥርስ ሕክምና ሊማር ነው፤ ግማሹን በኦንላይን ከሚያስተምረው (ሃይብሪድ ከሚባለው)ና ሙሉ በሙሉ በአካል ከሚያስተምረው የቱ ይሻለዋል ብለሽ ነበር።

የአናቶሚን (የሰውነት አሠራር) እና የፋርማኮሎጂን (የመድኃኒት ጥናት) ንድፈ ሐሳብ በኦንላይን ቢማር ብዙም አይጎድልበትም። እንዲያውም የተቀዳ ሌክቸር ደጋግሞ ማየት ይጠቅማል።

ዋናው ጉዳይ እጁ ነው። ፈጣኑ የጥርስ መቦርቦሪያ በደቂቃ ከ300,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። የላይኛውን መንጋጋ ጥርስ ሲሠራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚያየው በትንሿ መስታወት ነው፤ አቅጣጫው ተገልብጦ ይታየዋል። ኢናሜሉን (ጠንካራውን የውጭ ሽፋን) አልፎ ከሥሩ ያለው ዴንቲን ላይ ሲደርስ ጥርሱ ለስለስ ይላል፤ ይህን ጣት እንጂ ቪዲዮ አያስተምረውም። መጀመሪያ ሰው ሠራሽ ጭንቅላት ላይ፣ ቀጥሎ አስተማሪ አጠገቡ ቆሞ ታካሚ ላይ ደጋግሞ መሥራት አለበት። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በብዙ አገር ሌክቸሩ ቶሎ ወደ ኦንላይን ዞረ፤ ተማሪዎቹን ያስጨነቃቸው የክሊኒኩ መዘጋት ነበር።

ስለዚህ ሃይብሪድ የሚለው ስም አያስፈራሽ። ይልቅ ትምህርት ቤቱን ጠይቂ፦ በሳምንት ስንት ሰዓት የልምምድ ቤተ ሙከራ ይገባል? አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ ይዞ ክሊኒክ ይገባል? ከመመረቁ በፊት ስንት ጥርስ ይሞላል፣ ስንት ይነቅላል? በቁጥር ካልመለሱልሽ፣ እኔ ብሆን አልልከውም። አገር ውስጥ ከሆነ እውቅናውንም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አጣሪ፤ ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት።