ያለፈው ውጤት የቅዳሜውን ጨዋታ ይናገራል ወይ?

ወንድሜ፣ «አንደኛው ቡድን ሌላኛውን በተከታታይ ሲያሸንፍ ከኖረ፣ ቅዳሜም ይደግመዋል ብዬ ልተማመን ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ዓመታት ስላለፉኝ የኮሌጅ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የአሜሪካው ጨዋታ) ቅዳሜን አውቀዋለሁ። መልሴ፦ ትንሽ ይናገራል፤ ግን አንተ በምታየው በኩል አይደለም።

እዚሁ ከተማ የሆነውን ላጫውትህ። የከተማችን የዩኒቨርሲቲ ቡድን ኦሃዮ ስቴት ከ2012 እስከ 2019 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ተቀናቃኙን ሚሺጋንን 8 ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። የ2020ው በኮቪድ ተሰረዘ። በ2021 መኪናዬ ውስጥ የገባ ሁሉ ዘጠነኛውን ድል ቆጥሮ ጨርሶ ነበር፤ እኔም እንደዚያው። ሚሺጋን 42 ለ 27 አሸነፈ። በ2022ም፣ በ2023ም ደገመው። በ2024 «አሁንስ በቃ» አልን፦ ሚሺጋን 5 ጊዜ ተሸንፎ ነው የመጣው፣ ሜዳው የኛ ነው፣ የውርርድ ቤቶቹም ለኦሃዮ ስቴት ወደ 20 ነጥብ ብልጫ ሰጥተዋል። 13 ለ 10 ተሸነፍን። ያን ቀን ማታ ሬዲዮ ክፈትልኝ ያለ ተሳፋሪ አልነበረም። በ2025 ደግሞ ኦሃዮ ስቴት እነሱ ሜዳ ድረስ ሄዶ 27 ለ 9 አሸነፈ።

እንግዲህ «ያሸነፈ ይደግማል» የሚል ሰው ብዙውን ዓመት ልክ ነው። የሚሳሳተው ነገሩ ሲገለበጥ ነው፤ የሚገለበጥበትን ዓመት ደግሞ የድሮው ውጤት አይነግረውም።

ምክንያቱም ተከታታይ ድሉ የማሊያው እንጂ የልጆቹ አይደለም። ተማሪው አራት አምስት ዓመት ተጫውቶ ይሄዳል፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ አንድ ዓመት ያለ ጨዋታ ሳይቀመጥ ትምህርት ቤት መቀየር ስለተፈቀደለት ቡድኑ በአንድ ክረምት ሌላ ሰው ይሆናል። ፍሎሪዳ ስቴት በ2023 13 ጨዋታ ሳይሸነፍ ዘለቀ። ብዙ ልጆቹ ባልተጫወቱበት የመጨረሻ ጨዋታ ጆርጂያ 63 ለ 3 ቀጣው፣ በቀጣዩ ዓመት ከ12 ጨዋታ 2 ብቻ አሸነፈ። ኢንዲያና በተቃራኒው በ2023 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ አዲሱ አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ከቀድሞ ቡድኑ ልጆች ይዞ መጣና በ2024 11 አሸነፈ።

«ውጤቱን ሳይሆን ውጤቱ የመጣበትን መንገድ አያለሁ» ብዬም ተበልቻለሁ። ነብራስካ በ2021 9 ጊዜ ተሸነፈ፣ ሁሉም ከ10 ነጥብ ባነሰ ልዩነት። ይህ ዕድል ማጣት ነው፣ በ2022 ይካካሳል ብዬ ከጓደኛዬ ጋር በክትፎ ተወራረድኩ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ደብሊን፣ አየርላንድ ላይ በኖርዝዌስተርን 31 ለ 28 ተሸነፈ። ይኸው ኖርዝዌስተርን ከዚያ በኋላ ያንን ዓመት አንድም ጨዋታ አላሸነፈም! ነብራስካ በ4 ድል ጨረሰ። ክትፎውን ከፈልኩ፤ እኔም ስለበላሁ ብዙ አልቆጨኝም።

የማምነው ልማድ ካለ ምክንያቱ የሚታየውን ነው። የአርሚና የኔቪ (የአሜሪካ የምድር ጦርና የባሕር ኃይል አካዳሚ ቡድኖች) ግጥሚያ ነጥቡ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ነው፦ በ2020 15 ለ 0፣ በ2021 17 ለ 13። ሁለቱም ኳሱን ይዘው መሮጥ ስለሚያበዙ ሰዓቱ ሳይቆም ያልቃል። ልጆቹ ቢቀያየሩም አጨዋወቱ ቆይቷል። «ማታ ሲጫወቱ፣ ከሜዳቸው ውጭ፣ ከሽንፈት በኋላ 9 አሸንፈው 1 ብቻ ተሸንፈዋል» የሚሉህን ግን ተወው። ከ130 በላይ ቡድን አለ፤ እንዲህ እየቆራረጡ ለፈለገ የፈለገው ቁጥር አይጠፋም።

ለቅዳሜህ ሁለቱ አሰልጣኞችና ሁለቱ ኳርተርባኮች (ማጥቃቱን የሚመሩት፣ ኳሱን የሚወረውሩት ልጆች) ያለፈው ግጥሚያ ላይ እንደነበሩ እይ። ከነበሩ ያንን ግጥሚያ ቁጠረው። ከሌሉ ከመስከረም ወዲህ የተጫወቱትን ብቻ ተመልከት፣ በተለይ ኳሱን ይዘው ወደፊት ለመሄድ በሚያደርጉት በአንድ ሙከራ ስንት ያርድ እንደሚያገኙና ተጋጣሚያቸውን ስንት እንደሚያስኬዱ። የቡድኖቹን ስም ከጻፍክልኝ አብረን እናየዋለን።