«በዚህ ዕድሜዬ ጥርስ ምን ያደርግልኛል?»

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ባለፉት ዓመታት በግራ በኩል ያሉት የታችኛው መንጋጋ ጥርሶቿ ሳይበሰብሱ እየተነቃነቁ ወለቁ፤ በቅርቡም አንድ የፊት ጥርሷ ተጨመረበት። ቆሎና ሥጋ ትታ በፍትፍትና በአጥሚት ተወስናለች፤ ስትስቅ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። ሐኪም ዘንድ እንውሰድሽ ስንላት ከላይ የጻፍኩትን ትመልሳለች። ጉዳቱ ከመልክ ያልፋል?
ልጇ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ አዎን፣ ያልፋል። ማኘክ ያቃተው ሰው ሳይታወቀው ጠንካራውን እየተወ ለስላሳውን ስለሚመርጥ፣ ሥጋው፣ ጥራጥሬው፣ ካሮቱና ፍራፍሬው ከገበታው ቀስ በቀስ ይጠፋሉ፤ በዚህም ፕሮቲን፣ ቫይታሚንና ፋይበር እያነሰው ክብደቱ ሊቀንስና የሆድ ድርቀት ሊይዘው ይችላል። ፍትፍት በራሱ መጥፎ ምግብ አይደለም፤ ክፋቱ ብቻውን መቅረቱ ነው። በአፍ ውስጥም ቢሆን ጥርስ የለቀቀው የመንጋጋ አጥንት እየሳሳ ይሄዳል፤ የጎን ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ትይዩ ያለው የላይኛው ጥርስ ደግሞ የሚገጥመው ስለሚያጣ ወደ ታች ይወርዳል።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበን ግን «ሳይበሰብሱ» የሚለው ቃል ነው። ያልበሰበሰ ጥርስ የሚነቃነቀው ብዙውን ጊዜ ድዱና ጥርሱን የያዘው አጥንት ሲታመሙ ነው፤ የድድ ሕመምና የስኳር በሽታ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ። ስለዚህ ስለ ምትክ ጥርስ ከመነጋገር በፊት የእናትዎ ድድ እንዲመረመርና የደም ስኳራቸው እንዲለካ ይጠይቁ፤ በታመመ ድድ ላይ የሚሠራ ምትክ፣ ምንም ያህል ገንዘብ ቢወጣበት፣ ብዙ አይቆይምና።

የወለቀው ሁሉ የግድ ይተካ ማለትም አይደለም። ከ32ቱ ጥርሶች ቢያንስ 20ው ካሉና የላይኛውና የታችኛው በደንብ ከገጠሙ፣ አብዛኛው ሰው ያለ ምትክ መብላት ይችላል። የፊቱ ጥርስ ግን «ሰ»ንና «ፈ»ን አጥርቶ ለመናገርም ያስፈልጋል፤ አፍን በነጠላ መሸፈን ውሎ አድሮ ከቡና ጠጪ ጎረቤት ሊያርቅ ስለሚችልም እኛ ብንሆን ከእርሱ እንጀምር ነበር። ተነቃይ ጥርስ (እየወለቀ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ከተከላ፣ ማለትም በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ከሚተከለው፣ በዋጋ ይቀላል፤ ማታ ወልቆ በለስላሳ ብሩሽ ይጽዳ፣ የፈላ ውኃ ግን ቅርጹን ስለሚያበላሸው አይንካው።

እስከዚያው ሥጋውን አድቅቀው፣ ጎመንና ካሮቱን አብስለው ያቅርቡላቸው፤ ከፍትፍቱ ጎን ምስር ወጥ፣ እንቁላል ወይም አቮካዶ ቢጨመር የጎደለውን በከፊል ይሞላል።