ግራኝ ሲገጥምህ በየት በኩል ትዞራለህ?

ወንድሜ፣ «በቦክስ ቀኝ ነኝ (ግራ እጄና ግራ እግሬ ከፊት ናቸው)፤ ከግራኝ ጋር ስፓሪንግ (የልምምድ ግጥሚያ) ስገባ በየት በኩል ልዙር?» ላልከው፣ ወደ ራስህ ግራ ዙር። የግራኝ ከባዱ ምት የኋላ ግራ እጁ ነው። እሱ ደግሞ በአንተ ቀኝ በኩል ነው የሚመጣው። የፊት እግርህን ከእሱ የፊት እግር ውጭ አስቀምጥ። ያኔ ቀኝ እጅህ በመሃል ቀጥ ብሎ ይገባል።

ስትዞር መጀመሪያ ግራ እግርህ ትንሽ ይራመድ፣ ቀኙ ይከተል። እግርህን እንዳታጣምር! ተጣምሮ እያለ ቀላል ምት እንኳ ይጥልሃል። እኔ ቤት ወለል ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ በየቀኑ እየተራመድኩበት ነው የለመድኩት።

ግን የግራኙን የፊት እጅ፣ ቀኙን፣ አትናቅ። ቦክሰኛው ጆ ፍሬዘር እንዳንተ ቀኝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 መሐመድ አሊን በ15ኛው ዙር የጣለው በፊት እጁ፣ በግራ ሁክ (ክርን ታጥፎ ከጎን በሚመጣ ምት) ነው። የአንተም ግራኝ የቀኝ ሁኩ ከከበደ፣ አቅጣጫህን ቶሎ ቀይር።