ለኤሌክትሮኒክስ ሳጥንና ለሰርኪት መያዣ ፓተንት ይሰጣል? ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደጀንና ከባሕር ዳር የመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው፦ በሞልድ (በብረት ቅርጽ ማውጫ) የሚወጣ የፕላስቲክ ሳጥን ወይም ሰርኪት ቦርድ የሚይዝ መያዣ ሠርተናል፣ መብት እናገኝበታለን ወይ? ጉዳዩ የሚታየው በፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የተመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ጋሼ፣ ለሶላር ውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ የሚሆን ሳጥን ሠርቻለሁ። ቦርዱ ያለ ቡሎን፣ በአራት መንጠቆ ጠቅ ብሎ ይገባል። ፓተንት ያሰጠኛል?

መልስ፦ እንደገለጽከው ከሆነ አያሰጥህም። መንጠቆው፣ ቦርዱ የሚንሸራተትበት ሰርጥ፣ በማዕዘን ያለው የቡሎን ማቀፊያ፣ በክዳኑ ዙሪያ ያለው ጎማ ሁሉም የታወቁ ናቸው። ፓተንት ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ በዓለም ደረጃ አዲስ መሆን፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው እንደ ዋዛ የማይደርስበት መሆን፣ በኢንዱስትሪ ሊሠራ የሚችል መሆን። ሳጥን ሦስተኛውን ሁልጊዜ ያልፋል፣ አንደኛውን አልፎ አልፎ። አብዛኛው የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። «በሞልድ የተሠራ» ብሎ መጻፍም አያድንም፤ የቆርቆሮውን ሳጥን ኤቢኤስ በሚባለው ፕላስቲክ መሥራት የቁስ ለውጥ ብቻ ነው።

አሁን መንጠቆውን ጠጋ ብለን እንየው። የተለመደው ቦርድ ውፍረቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው ይባላል እንጂ አምራቾች ብዙ ጊዜ 10 በመቶ ወዲህና ወዲያ ስለሚፈቅዱ ከ1.44 እስከ 1.76 ሊሆን ይችላል። መንጠቆው ለ1.6 ብቻ ከተለካ ቀጭኑ ቦርድ ይንገጫገጫል፣ ወፍራሙ አይገባም። የፓምፕ ንዝረት ሲታከልበት ከባድ ዕቃዎች እግር ሥር ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል። ያንተ መንጠቆ ይህን ልዩነት ራሱ የሚያቻችል ከሆነ፣ በዚያው ጉልበት ደግሞ የትራንዚስተሩን ሙቀት ወደ ግድግዳው የሚያሻግር ሰሌዳ ተጭኖ የሚይዝ ከሆነ፣ የምንነጋገርበት ነገር አለ። ሁለት የታወቁ ነገሮች ጎን ለጎን መቀመጣቸው አይበቃም፤ አንዱ ሌላውን ማሠራት አለበት።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ ፓተንቱ እንቢ ካለ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባለው ቀላል ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ ከፓተንት ይቀላል፣ ግን ልቅ በር አይደለም። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አዲስነትንና በኢንዱስትሪ መሠራትን እንጂ ያንን ከባዱን ሁለተኛ መስፈርት አይጠይቅም። አዲስነቱም የሚለካው በአገር ውስጥ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በታተመ ጽሑፍ ያልተገለጸ ወይም በአደባባይ ሥራ ላይ ያልዋለ ከሆነ ይበቃል። ዘመኑ 5 ዓመት ሲሆን፣ አገር ውስጥ እየተሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል።

ሰው የማያነበው አንድ ቦታ አለ። አዋጁ የታወቀን ዕቃ ቅርጽ፣ መጠን ወይም ቁስ መለወጥ ብቻውን አነስተኛ ፈጠራ እንደማይሆን ይናገራል፤ ለውጡ የዕቃውን ባሕርይ ወይም አገልግሎት ቀይሮ አጠቃቀሙን ካላሻሻለው በቀር። አንዱን ክፍል በአቻው መተካትም እንዲሁ። ስለዚህ አራት ቡሎን የነበረውን በሁለት ቡሎንና በሁለት መንጠቆ መተካት ይወድቃል። ገበሬው ማሳ ላይ ያለ ምንም መሣሪያ ፊውዙን የሚለውጥበት፣ ቦርዱን ግን የማይነካበት ሁለት ክፍል ያለው መያዣ ከሆነ የአጠቃቀም መሻሻል አለ። ለውጡን ብቻ ሳይሆን ውጤቱንም ጻፉ። ጎጃም ውስጥ ለሚሠሩት አብዛኞቹ ሳጥኖች የምመክረው ይህንን መንገድ ነው።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ መኖር አለመኖሩን የት እፈልጋለሁ? በጉግል ምስል ፈልጌ ምንም አላገኘሁም።

መልስ፦ በምስል አይገኝም፤ በዓለም አቀፉ የፓተንት ምድብ ቁጥር ነው የሚፈለገው። ጉግል ፓተንትስ፣ ኢስፓስኔትና ፓተንትስኮፕ የሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ሦስቱም በነፃ ይከፈታሉ። ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሳጥን ኤች05ኬ 5፣ ቦርዱ በውስጡ ለሚታሰርበት አሠራር ኤች05ኬ 7/14፣ ለማቀዝቀዣው ኤች05ኬ 7/20፣ ብረት በውስጡ ተቀብሮ ለሚቀረጽ ፕላስቲክ ቢ29ሲ 45/14፣ ለኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን ኤች02ጂ 3/08 ናቸው። ፊደሎቹን በላቲን አስገቧቸው።

አካሄዱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሳጥኑ የሚፈታውን ችግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ ችግሩን የሚፈቱትን ክፍሎች ለዩ። ከዚያ ምድቡን ከእያንዳንዱ ክፍል ስም ጋር አጣምራችሁ ፈልጉ። የቻይና የግልጋሎት ሞዴሎችን እንዳትዘሉ። እነሱ ጥልቅ ምርመራ ሳይደረግባቸው ስለሚመዘገቡ ብዛታቸው ለጉድ ነው፤ ሳጥን ደግሞ በየዓይነቱ ሞልቶባቸዋል። ጽሑፉ በማሽን ትርጉም ቢጣመምም ሥዕሉ ይበቃል። ቅርብ ሆነው የተገኙትን ሦስት አራቱን አስቀምጡና ከእያንዳንዱ አጠገብ «የእኔ የሚለየው በዚህ ነው፣ ስለዚህም ይህ ውጤት ይገኛል» ብላችሁ ጻፉ። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ መሙላት ካቃታችሁ የሞልድ ብረት አታስቆርጡ።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ሳጥኑን ለደንበኞች ሸጬአለሁ፣ ፎቶውንም ቴሌግራም ላይ ለጥፌዋለሁ። አለቀልኝ?

መልስ፦ እዚህ አገር ለፓተንት፣ ራሱ አመልካቹ ያደረገው ይፋ መግለጫ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ከሆነ አይቆጠርበትም። ለንድፍም የአንድ ዓመት ጊዜ አለ። በአነስተኛ ፈጠራ ግን በአገር ውስጥ በአደባባይ መጠቀም ራሱ አዲስነቱን ሊያጠፋው ስለሚችል፣ ያንን መንገድ ያሰበ ሰው ሳይሸጥ ያመልክት። ወደ አውሮፓ የሚያስቡ ደግሞ ጨርሶ አይለጥፉ፤ በዚያ በኩል በፓተንት ራስህ ለገለጽከው ነገር ይህን መሰል ይቅርታ የለም። አሜሪካ አንድ ዓመት ትሰጣለች። የመጀመሪያው ሽያጭና ፎቶው የተለጠፈበትን ቀን አሁኑኑ መዝግብ።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ እኔ ሳጥን የለኝም። ቦርዱን በኢፖክሲ (ፈሶ በሚጠነክር ሙጫ) ሞልቼ ድፍን አደርገዋለሁ። ይህስ ፈጠራ ነው?

መልስ፦ ድፍን ማድረጉ አይደለም፤ በጣም የቆየ ዘዴ ነው። ፈጠራው ሊኖር የሚችለው ድፍን ማድረጉ የሚያመጣውን ጣጣ በምትፈታበት መንገድ ነው። ጣጣውም ብዙ ነው። ኢፖክሲ በአንድ ጊዜ ወፍራም ሆኖ ሲፈስ እየጠነከረ ራሱን ያግላል፤ በስስ በስሱ ካልፈሰሰ ይሰነጠቃል። ከቀዘቀዘም በኋላ ከቦርዱ ጋር እኩል ስለማይሰፋና ስለማይጨማደድ ትንንሾቹን የሴራሚክ ካፓሲተሮች ይሰብራል። የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር አናት ላይ ያለው የመተንፈሻ ጭረት ከተደፈነ ደግሞ ካፓሲተሩ ሲበላሽ በጎን ይፈነዳል። ዲያሜትሩ ከ6.3 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ለሆነው በአናቱ ላይ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል።

ኢንዱስትሪው በብዙ ቦታ የሚጠቀመው በዝቅተኛ ግፊት የሚገባ ፖሊአማይድ የሚባል ፕላስቲክ ነው። ተራው የፕላስቲክ ሞልድ በመቶዎች የሚቆጠር ባር ግፊት ሲጠቀም ይኸኛው ከጥቂት ባር እስከ 40 ገደማ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ዕቃዎቹን አይነቅልም። ሙቀቱ ወደ 200 ዲግሪ ቢሆንም፣ በ183 ዲግሪ የሚቀልጠው የእርሳስ ብየዳ የማይፈታው ፕላስቲኩ ቀዝቃዛውን ሞልድ ነክቶ ቶሎ ስለሚረጋ ነው። እንግዲህ የካፓሲተሩን አናት ባዶ የሚያቆይ፣ በዚያው ፈሳሹን ወደ ሴራሚኮቹ በቀስታ የሚመራ ቆብ ከሠራህ፣ መብት መጠየቅ ያለብህ ለቆቡ ነው።

ጥያቄ (ደጀን)፦ አንቱ፣ ፍጹም የታሸገ ሳጥን ሠርተን ዓባይ በረሃ ስናወርደው ውስጡ ውኃ ይገኛል። የማይገባበት ብንሠራ ፓተንት አናገኝም?

መልስ፦ መንስኤውን ካወቃችሁ መልሱ ራሱ ይመጣል። ደጋው ወደ 2,400 ሜትር፣ የዓባይ ድልድይ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ነው። ደጋ ላይ የታሸገ አየር ታች ሲደርስ ከውጩ አየር ይሳሳል፤ ልዩነቱ ወደ 13 ኪሎ ፓስካል ይጠጋል። 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክዳን ላይ ይህ 20 ኪሎ ግራም እንደመጫን ነው፤ ክዳኑ ይጎብጣል፣ ጎማው ይከፈታል፣ እርጥብ አየር ይሳባል። ደጋም ላይ ቢሆን ፀሐይ 60 ዲግሪ ያደረሰችውን ሳጥን ዝናብ ወደ 20 ሲያወርደው የውስጡ ግፊት በ12 በመቶ ይቀንሳል፤ ውኃው በገመዱ በኩል ይመጠጣል።

መፍትሔው ውኃ የማያስገባ ግን አየር የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ያለው መተንፈሻ መግጠም፣ የገመዱን መግቢያም ወደ ታች ማዞር ነው። ሁለቱም የታወቁ ስለሆኑ ፓተንት አያሰጡም፤ ግን ግጠሟቸው፣ ሥራው ይድናል። ጭቃና አቧራ ሽፋኑን እንዳይደፍነው የሚከላከል፣ ከሳጥኑ ጋር ወጥ ሆኖ የሚወጣ መሹለኪያ ብትቀርጹ ለአነስተኛ ፈጠራ ሊሞከር ይችላል።

በነገራችን ላይ፣ ከመብራት መስመር ጋር ለሚገናኙ ቦርዶች በሁለት መስመሮች መካከል የሚተወው የአየር ክፍተት መጠን በዓለም አቀፉ ደረጃ አይኢሲ 60664-1 የተሰላው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው። በ3,000 ሜትር በ1.14 ይባዛል፤ 3 ሚሊ ሜትር የነበረው 3.42 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ማሟላት ግዴታ እንጂ ፈጠራ አይደለም።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ የክዳኑ ላይ ጌጥና በውስጡ ያለው ፕሮግራምስ?

መልስ፦ ጌጡ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ይመዘገባል፦ 5 ዓመት፣ ሁለት ጊዜ በ5 በ5 ዓመት የሚራዘም። ቴክኒካዊ ውጤት ለማምጣት ብቻ የተሰጠው ቅርጽ ግን በንድፍ አይጠበቅም፤ የሙቀት ክንፎችን በንድፍ ለማስመዝገብ አትድከሙ። የኮምፒውተር ፕሮግራም ከፓተንት ውጪ ነው፤ እሱ የቅጂ መብት ጉዳይ ነው።

ጥያቄ (ፍኖተ ሰላም)፦ «መብቴ ይህ ነው» የሚለውን ክፍል እንዴት ልጻፈው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ የማየው ይህን ዓይነት ነው፦ «ሰርኪት ቦርድ የሚይዝ፣ ጠንካራና ውኃ የማያስገባ ዘመናዊ የፕላስቲክ ሳጥን።» ይህ ገበያ ያለውን ሳጥን ሁሉ ይገልጻል፤ ስለዚህ አዲስ ሊሆን አይችልም። «ጠንካራ» እና «ዘመናዊ» አይለኩም።

ቀደም ሲል ያነሣነውን መንጠቆ ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ወለል፣ ከወለሉ ጋር ወጥ ሆነው የተቀረጹ ቢያንስ ሁለት ተለጣጭ ክንዶች፣ በክንዶቹና በጎን ግድግዳው መካከል የተቀመጠ የብረት ሰሌዳ ያሉት የሰርኪት ቦርድ ሳጥን ሆኖ፣ እያንዳንዱ ክንድ የቦርዱን ጠርዝ ከላይ የሚይዝ ተዳፋት ጥርስ ያለው፣ ቦርዱ ሲገባም ወደ ውጭ ተገፍቶ ሰሌዳውን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቅ።» ክፍሉ፣ ቦታው፣ ሥራው ተነግሯል። ቁጥሮችን እዚህ አታስገቡ፤ 30 ዲግሪ ተዳፋት ካላችሁ ተፎካካሪው 35 አድርጎ ይሠራዋል። ቁጥሩ በሚከተሉት ንዑስ ነጥቦችና በዝርዝር መግለጫው ይግባ። ሥዕሉ ክፍሎቹ ተነጣጥለው የሚታዩበት የተበታተነ እይታና በክንዱ መሐል የተቆረጠ እይታ ይኑረው፤ እያንዳንዱ ክፍል በሁሉም ሥዕል አንድ ዓይነት ቁጥር ይያዝ።

ጥያቄ (ቡሬ)፦ ሞልዱን የሚሠራልኝ ሰው ቅርጹን አሻሻለው። የማን ነው?

መልስ፦ እንደ ማሻሻሉ ነው። ፕላስቲኩ ከሞልድ እንዲላቀቅ ግድግዳውን 1 ዲግሪ ካዘነበለ፣ ወይም ፊቱ እንዳይሰረጉድ ማጠናከሪያ ጎድኑን ከግድግዳው ውፍረት 60 በመቶ በታች ካወረደው፣ የሙያ ሥራውን ሠራ እንጂ አልፈጠረም። ቦርዱ የሚያዝበትን አዲሱን መላ እሱ ካመጣው ግን ፈጣሪነቱ የእሱም ነው፤ ስሙን መዝለል በኋላ መብቱን ያናጋዋል። ሥዕሉ ከመሰጠቱ በፊት ሁለት ነገር የያዘ አንድ ገጽ ውል ይፈረም፦ ምስጢር መጠበቅ፣ ማሻሻያው የማን እንደሚሆን።

ጥያቄ (ደብረ ማርቆስ)፦ ውጭ አገር ፓተንት ያለው መያዣ እዚህ ብንሠራ እንከሰሳለን?

መልስ፦ ፓተንት በተሰጠበት አገር ብቻ ነው የሚሠራው። እዚህ ካልተመዘገበ እዚህ መሥራትና መሸጥ ይቻላል፤ ወደዚያ አገር መላክ ግን አይቻልም። ውጭ ፓተንት ያለውን፣ እዚህ ግን የሌለውን ፈጠራ አምጥቶ ለሚሠራ ሰው አዋጁ እስከ 10 ዓመት የሚደርስ የአስገቢ ፓተንትም ይሰጣል። ስለዚህ ሞልድ ከማስቆረጣችሁ በፊት እዚህም ሌላ ሰው ቀድሞ አስመዝግቦት እንደሆነ ባለሥልጣኑን ጠይቁ።