ማቀፍ የለም፣ መክተፍ አለ፦ ስለ ጦጣና ቺምፓንዚ ማገገሚያ በጎ ፈቃድ ጥያቄና መልስ

ኬንያ ዲያኒ ባለው የጉሬዛ ማዕከል፣ ቀጥሎም ኡጋንዳ ንጋምባ ደሴት ላይ በበጎ ፈቃድ ሠርቻለሁ። ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰላም እህቴ! ቀጥታ ወደ ዋናው ልግባ፤ ሕፃን ቺምፓንዚ ማቀፍ ይቻላል? (ከአዲስ አበባ)

አይቻልም። ከመጡት ጥያቄዎች ግማሹ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

እዚያ ያሉት አብዛኞቹ እናታቸው የተገደለችባቸው ናቸው። አዳኙ እናትየዋን ለሥጋ ይገድላል፤ ግልገሉን በሕይወት ይሸጣል። ግልገሉ የሚያስፈልገው እንደ እሱ ያሉ ቺምፓንዚዎች መሃል ማደግ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚቀያየር አቃፊ አይጠቅመውም። አንቺን ሲለምድ አንቺ ሻንጣሽን ይዘሽ ወደ ኤርፖርት ትሄጃለሽ።

ሁለተኛው ምክንያት በሽታ ነው። የኛ ተራ ጉንፋን እነሱን ይገድላል። በ2013 በኡጋንዳ ኪባሌ ደን፣ ካንያዋራ በሚባለው ቡድን ውስጥ ሳል ገብቶ 5 ቺምፓንዚዎች ሞተዋል። ሲመረመር ቫይረሱ ልጆቻችንን ንፍጥ በንፍጥ የሚያደርገው ራይኖቫይረስ ሲ ሆኖ ተገኘ። ልብ በይ፣ እነዚህ በደን የሚኖሩ እንጂ ሰው የሚያቅፋቸው አልነበሩም። ስለዚህ ማስክ ማድረግ ግዴታ ነው። ጉንፋን የያዘው በጎ ፈቃደኛ ደግሞ እንስሳቱ ጋ አይደርስም።

ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ትሠሪ ነበር?

ክተፋ! ካሮት፣ ጎመን፣ ፓፓያ፣ ስኳር ድንች። ከዚያ ማጠብ። ከዚያ እንደገና ክተፋ።

ንጋምባ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ያለች ደሴት ናት፤ ከኢንቴቤ 23 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። መጠለያው በ1998 ነው የተቋቋመው። 50 ገደማ ቺምፓንዚዎች አሉ፣ ደሴቲቱ ግን 40 ሄክታር አካባቢ ብቻ ናት። ለዚህ ቁጥር ደኑ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ በቀን ደጋግሞ ምግብ ይጨመርላቸዋል። አጥሚትም ይጠጣሉ፤ እንዴት እንደሚወዱት! ቺምፓንዚ ዋና ስለማይችል ሐይቁ ራሱ አጥር ነው። ሰዎቹ ያሉበት በኩል ደግሞ የኤሌክትሪክ አጥር አለ።

ማታ ወደ ማደሪያቸው ይገባሉ፤ ጠዋት ወደ ደን ይወጣሉ። እነሱ ሲወጡ እኛ ቦቲያችንን አጥልቀን እንገባለን። ሽታውን ዝም ብል ይሻላል።

ደስ የሚለኝ ሥራ ለእነሱ "የቤት ሥራ" ማዘጋጀት ነበር። ምግቡን በቀላሉ ካገኙት ይሰለቻሉ፤ የሰለቸው ቺምፓንዚ ደግሞ ይረብሻል ወይ ፀጉሩን ይነጫል። ስለዚህ ማሩን ጉድጓድ ባለው እንጨት ውስጥ ትደብቂና በቀጭን ዱላ ቆፍረው እንዲያወጡት ትተያቸዋለሽ። እኔ ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን የፈጀሁበትን እነሱ በደቂቃዎች ጨረሱት።

ዲያኒ ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ችግሩ አስፋልቱና የኤሌክትሪክ ሽቦው ነው። ደኑን መንገድ ከፍሎታል፤ ለመሻገር ሲወርዱ መኪና ይገጫቸዋል፣ ሽቦ ላይ ሲወጡ ይቃጠላሉ። ማዕከሉ ከ1997 ጀምሮ ከመንገዱ በላይ፣ ከዛፍ ዛፍ የተዘረጉ የመሰላል ድልድዮችን ይሠራል። በጎ ፈቃደኛው ድልድይ ሲጠገን ያግዛል፣ ወጥመድ ይለቅማል፣ ጉሬዛ ይቆጥራል።

ጉልበቴን በነፃ እየሰጠሁ ለምንድነው ደግሞ ገንዘብ የምከፍለው? ይሄ ሌብነት ነው! (ከናዝሬት)

ንዴትህ ይገባኛል፤ እኔም መጀመሪያ ሳየው ገርሞኛል። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ቺምፓንዚ ተንከባካቢ ካገኘ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። ዛሬ የገባ የ2 ዓመት ግልገል የግማሽ ምዕተ ዓመት ቀለብና ሕክምና ይጠብቀዋል። አንተ ደግሞ ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ የሚያሳይህ ሰው ትፈልጋለህ። በመጀመሪያው ሳምንት ከጠቀሜታህ ሸክምነትህ ይበልጣል፤ አትቀየመኝ።

ደመወዝ የሚበላው የአካባቢው ሰው ነው። መሆንም ያለበት እሱ ነው። ነፃ ፈረንጅ ወይም ነፃ ሐበሻ መጥቶ የእሱን ቦታ ከያዘበት፣ ነገ ደኑን የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም። ግን ገንዘቡ የት እንደሚገባ የመጠየቅ መብት አለህ። በግልጽ ካልነገሩህ ተዋቸው።

እውነተኛውን ማዕከል ከነጋዴው በምን ልለይ?

ግልገል ቁጠሪ። እውነተኛ መጠለያ አያራባም፤ ቦታውም ገንዘቡም ላሉት እንኳን አይበቃም። ንጋምባ ላይ ሴቶቹ የወሊድ መከላከያ ይደረግላቸዋል። አልፎ አልፎ መከላከያው ሳይሠራ አንድ ሊወለድ ይችላል፤ በየዓመቱ አዳዲስ ሕፃናት ለጎብኚ የሚቀርቡበት ቦታ ግን ሌላ ንግድ ነው።

ከአፍሪካ ከሆነ የመላ አፍሪካ መጠለያዎች ኅብረት አባል መሆኑን ተመልከቺ። በ2000 የተመሠረተ ነው፤ በምህፃረ ቃል ፓሳ ይሉታል። አባል ያልሆነ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለመነሻ ግን ጥሩ ነው።

የቲቢ ምርመራ አምጣ አሉኝ። እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ለምን? (ከመቀሌ)

ሳንባ ነቀርሳ ከሰው ወደ እነሱ ስለሚተላለፍ ነው። እዚህ ጋ ለኛ ሰው የሚጠቅም ነገር ልንገርህ። ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን ቢሲጂ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ተከትበናል። በቆዳ የሚደረገው ምርመራ በዚህ ምክንያት "አለብህ" ሊል ይችላል። ያ ማለት ታመሃል ማለት አይደለም። የደም ምርመራ ወይም የደረት ራጅ ይቀበሉ እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ። ውጤቱም ፓስፖርትህ ላይ ባለው ስም፣ በእንግሊዝኛ ይጻፍልህ። የሄፓታይተስ፣ የኩፍኝ፣ የቴታነስ ክትባትም ይጠይቁሃል። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያውን ሳትወስድ እንድትሄድ ግን እኔ አልመክርህም።

ቪዛውስ?

ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለ ቪዛ ታስገባለች። ግን መግባት ሌላ፣ መሥራት ሌላ። ደመወዝ ባይኖረውም በጎ ፈቃድ በብዙ አገር እንደ ሥራ ይታያል። ማዕከሉን የትኛው ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በጽሑፍ ጠይቁ። "ዝም ብለህ ቱሪስት ነኝ በል" የሚል መልስ ከመጣ እኔ ብሆን አልሄድም። ለኡጋንዳ የቢጫ ወባ ካርድ የግድ ነው፤ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡ። ከ2016 ወዲህ አንዴ የተከተበ ሰው ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ጉሬዛውን ስንቴ በእጄ አብልቻለሁ። ምን ሆነ ታዲያ? (ከሐዋሳ)

ወንድሜ፣ መልሱን ዲያኒ ጉሬዛዎች ጋ ስሠራ ነው ያወቅኩት። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው። ጨጓራው በብዙ ክፍል የተከፋፈለ ነው፤ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ቅጠሉን አብላልተው ይፈጩታል። ዳቦና ብስኩት ሲገባ ያ ሥርዓት ይዛባል። ሆዱ ይነፋል፣ ይታመማል። አንተ አብልተህ ትሄዳለህ፤ የሆነውን አታይም።

ጦጣዎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ምግብ ከሰው እንደሚገኝ ከተማሩ በኋላ ከረጢት ይነጥቃሉ፣ ኩሽና ይገባሉ። ከዚያ ድንጋይ፣ ወስፈንጥር፣ መርዝ ይከተላል። ያቺን "አስቸጋሪ ጦጣ" ያስቸገራት መጀመሪያ ሙዝ የሰጣት ሰው ነው። እዩአቸው፣ ፎቶ አንሱአቸው፣ እጃችሁን ግን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

ቺምፓንዚ የሰውን አምስት እጥፍ ጉልበት አለው የሚባለው እውነት ነው?

ተጋኗል። በ2017 የወጣ የጡንቻ ጥናት በመጠን ሲመዛዘን ከኛ በ1.35 እጥፍ ገደማ ይበልጣል ነው ያለው። ጥርሱን ስታይ ግን ቁጥሩ ይረሳሃል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ይቀበሉኛል? (ከጎንደር)

ጋሽዬ፣ ጤናዎ ደህና ከሆነና ቆሞ መሥራት ከቻሉ ዕድሜው ብቻውን አይከለክልዎትም። እንዲያውም ለትምህርት ቤት ልጆች ገለጻ የሚያደርግ ሰው ይፈልጋሉ፤ ያንን ከእርስዎ የተሻለ ማን ይችለዋል? ሲያመለክቱ መምህርነትዎን መጀመሪያ ላይ ይጻፉት። ሙቀቱን ግን ያስቡበት፤ ዲያኒ የባሕር ዳርቻ ነው፣ ጎንደር አይደለም።

ዱባይ ነው ያለሁት። የአሠሪዬ ዘመድ ቤት ትንሽ ጦጣ አለች፣ ዳይፐር አድርገውላታል። ምን ላድርግ?

እህቴ፣ መጀመሪያ ራስሽን ጠብቂ። ኢምሬትስ በ2016 መጨረሻ ባወጣችው ሕግ አደገኛና የዱር እንስሳትን በግለሰብ ቤት መያዝ ከልክላለች። ስለዚህ ጉዳዩ ለባለቤቶቹ ቀላል አይደለም፤ አንቺ በግልጽ ተጋፍጠሽ ሥራሽንና መኖሪያሽን አደጋ ላይ አትጣዪ። ከነከሰችሽ ወይም ከቧጨረችሽ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቢና ሐኪም ቤት ሂጂ። ማንም "ቀላል ነው" ቢልሽ አትስሚ።

ከእነሱ ጋር ፎቶ ብለጥፍስ? ሰው እንዲያውቅ እኮ ነው። (ከዋሽንግተን)

ሰው የሚያውቀው አንተ ያሰብከውን አይደለም። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎች ከሰው አጠገብ ያለ ቺምፓንዚ ፎቶ ሲያዩ "ለቤት እንስሳነት ይሆናል" ብለው የማሰብ ዝንባሌያቸው እንደሚጨምር አሳይቷል። የምትጽፈውን መግለጫ ማንም አያነበውም። ደኑን፣ ድልድዩን፣ የከተፍከውን ጎመን ለጥፍ።

አገር ቤት ምንም የለም? ውጭ መሄድ ግዴታ ነው?

አለ እንጂ። ሆለታ አካባቢ፣ ከአዲስ አበባ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እንሰሳ ኮቴ የሚባል ማገገሚያ አለ፤ ቦርን ፍሪ የሚባል የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። በ77 ሄክታር ላይ ነው ያለው። በይበልጥ የሚታወቀው ከሕገወጥ ንግድና ከመጥፎ አያያዝ በዳኑ አንበሶችና አቦሸማኔዎች ነው። ለአውሮፕላን የሚሆን ገንዘብ ከሌላችሁ ጉብኝት ይፈቅዱ እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁና ከዚያ ጀምሩ።

ምን ይዤ ልሂድ?

የሚቆሽሽ ልብስ፣ ቦቲ፣ የወባ ትንኝ መከላከያ፣ የእጅ ባትሪ። ጥሩ ቢላ ካለሽም ያዢ፤ በሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ አይደለም። የእነሱ ቢላ ሁልጊዜ ደነዝ ነው።