የተመሰጠረ ፊልም እንዴት ቴሌግራም ላይ ይገኛል?

ጥያቄ፦ የአማርኛ ፊልሞችን በክፍያ የምናሳይበት ድረ ገጽና የአንድሮይድ አፕ አለን። ቪዲዮዎቹን በኤችኤልኤስ (ቪዲዮን በትናንሽ ቁራጮች በኢንተርኔት ማስተላለፊያ ስልት) ቆራርጠን በኤኢኤስ-128 (የማመስጠሪያ ስልት) አመስጥረናቸዋል። እንዲያም ሆኖ አዲስ ፊልም በለቀቅን ማግስት ጥራቱ ሳይጓደል ቴሌግራም ቻናሎች ላይ፣ ከዚያም ዩቲዩብ ላይ እናገኘዋለን። ከፋዮቻችን ግማሾቹ አገር ቤት፣ ግማሾቹ አሜሪካና አረብ አገር ናቸው። ዲአርኤም (ቪዲዮን ከመቀዳት የሚጠብቅ የመቆለፊያ ሥርዓት) እናስገባ ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ፦ ዲአርኤም ያስፈልጋችኋል። ነገር ግን ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፊልሙ በየት በኩል እንደወጣ እወቁ። ሰርቨሩ ላይ በር ከፍቶ ትቶ ዲአርኤም የሚገዛ ብዙ ነው፤ ወጪው ከንቱ ይቀራል።

የተሰረቀውን ፋይል ከቴሌግራም አውርዱ። የዩቲዩቡን አትጠቀሙ፤ ዩቲዩብ የተጫነለትን ሁሉ እንደገና ስለሚጨምቀው ለምርመራ አይሆንም። ከዚያ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው የቪዲዮ ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ውስጥ ባለው ፍሬምኤምዲ5 በተሰኘው አማራጭ የተሰረቀውንና የራሳችሁን የ1080ፒ ቅጂ አስኪዱ። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ፍሬም አንድ መለያ ያወጣል። የምታመሳክሩት የመጨረሻውን ዓምድ ነው፤ የሰዓት ዓምዶቹ ቢለያዩ አያሳስብም። መለያዎቹ መስመር በመስመር ከገጠሙ ፋይሉ ዳግም ሳይጨመቅ ቀጥታ ከእናንተ ሰርቨር ወጥቷል ማለት ነው። ካልገጠሙ ምስሉን ተመልከቱ። የማውዝ ቀስት ወይም የማጫወቻው ቁልፎች ብቅ ካሉ ስክሪን ሪከርድ ነው፤ ምስሉ ከተንጋደደና ድምፁ ከተስተጋባ ካሜራ ነው። የእናንተ ሎጎ ከሌለበት ወይም በፊልሙ መጨረሻ የሚወጣው የስም ዝርዝር ከለቀቃችሁት ከተለየ ደግሞ ሌባው ያለው ከኤዲቲንግ ክፍሉ እስከ ሲኒማ ቤቱ ሃርድ ዲስክ ባለው መንገድ ላይ ነው። ለዚህ የትኛውም ዲአርኤም አይደርስም።

«በማግስቱ፣ ጥራቱ ሳይጓደል» ማለታችሁ የመጀመሪያውን፣ ቀጥታ ከሰርቨራችሁ መውጣቱን፣ ያስጠረጥራል። ኤኢኤስ-128 ራሱ ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ቁልፉ የሚሰጥበት መንገድ ላይ ነው። የኤችኤልኤስ ፕሌይሊስቱን (የቁራጮቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል) በጽሑፍ ማረሚያ ብትከፍቱት የቁልፉን አድራሻ የያዘ መስመር በግልጽ ታገኛላችሁ። ማጫወቻው ወደዚያ አድራሻ ሄዶ ቁልፉን እንዳለ፣ ምንም ሳይሸፈን ይቀበላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የከፈለ ሰው የፕሌይሊስቱን አድራሻ ለነጻ ማውረጃ ፕሮግራም ከሰጠ ፊልሙ ተፈትቶ፣ ተገጣጥሞ ይወርድለታል።

አሁኑኑ ይህን ፈትሹ፦ የቁልፉን አድራሻ ኮፒ አድርጋችሁ አካውንታችሁን ባልከፈታችሁበት ብሮውዘር ላይ ለጥፉት። 16 ባይት የምታክል ፋይል ከወረደች ያልከፈለ ሰውም ቁልፉን ይወስዳል ማለት ነው። ቁልፉ የሚሰጠው አካውንቱና ክፍያው ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይሁን፤ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። የዋናውን ፋይል ማከማቻም እዩ። የተቆራረጠው ተመስጥሮ ዋናው ኤምፒ4 ለሕዝብ ክፍት በሆነ ማከማቻ ውስጥ፣ ለዚያውም በተራ ቁጥር ተሰይሞ መቀመጡ የተለመደ ጥፋት ነው።

ወደ ዲአርኤሙ እንምጣ። ልዩነቱ ቁልፉ የሚመጣው በላይሰንስ (በማጫወቻ ፈቃድ) ውስጥ ታሽጎ መሆኑ ነው፤ የሚከፍተውም መሣሪያው ውስጥ ያለው የዲአርኤም ክፍል እንጂ ድረ ገጹ አይደለም። ሦስት ዓይነት ያስፈልጋችኋል፦ ዋይድቫይን ለአንድሮይድ፣ ለክሮምና ለፋየርፎክስ፤ ፌርፕሌይ ለአይፎንና ለሳፋሪ፤ ፕሌይሬዲ ለኤጅና ለብዙ ስማርት ቴሌቪዥኖች። አሜሪካ ያሉ ደንበኞች ስላሏችሁ ፌርፕሌይን መዝለል አትችሉም። ከአፕል የገንቢ አካውንት ጠይቃችሁ ፈቃድ መጠበቅ ስላለባችሁ ማመልከቻውን አስቀድሙ። የላይሰንስ ሰርቨር ራሳችሁ አትሥሩ፤ ሦስቱንም አጣምረው የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ። ስትዋዋሉ ሒሳቡ በላይሰንስ ቁጥር መሆኑንና ዝቅተኛ ወርሃዊ ክፍያ እንዳለው ጠይቁ።

ሦስት ዲአርኤም ሦስት ቅጂ አይጠይቅም። ሻካ ፓኬጀር የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሲቢሲኤስ በተባለው የማመስጠሪያ ስልት አንድ ቅጂ አዘጋጅቶ ለሦስቱም ያበቃዋል። ችግሩ አሮጌ የአንድሮይድ ስልኮች ሲቢሲኤስን አያጫውቱም፤ የሚያውቁት ሴንክ የተባለውን ስልት ነው። የአፓችሁን ስታቲስቲክስ ተመልከቱ፤ አገር ቤት አሮጌ ስልክ የያዙ ብዙ ደንበኞች ካሏችሁ ለእነሱ ሁለተኛ ቅጂ በሴንክ አስቀምጡ።

ስታመሰጥሩ ለኤስዲ (መደበኛ ጥራት)፣ ለኤችዲ (ከፍተኛ ጥራት) እና ለድምፅ የተለያየ ቁልፍ ስጡ። ዲአርኤም ገዝተው የሚዘረፉት በአብዛኛው እዚህ ላይ ተሳስተው ነው። ዋይድቫይን ደረጃ አለው፦ ኤል1 ሥራውን በስልኩ ሃርድዌር ውስጥ በተከለለ ቦታ ይሠራል፤ ኤል3 ግን ሶፍትዌር ብቻ ስለሆነ በተደጋጋሚ ተሰብሯል። ለሁሉም ጥራት አንድ ቁልፍ ከተጠቀማችሁ ለ480ፒ ብላችሁ ለኤል3 የሰጣችሁት ላይሰንስ 1080ፒውንም ይከፍታል። ቁልፉን ለዩና ኤችዲን ለኤል1 ብቻ ፍቀዱ። ኤል3ን ግን ጨርሳችሁ አትዝጉ። ርካሽ ስልኮች ብዙዎቹ ያላቸው እሱን ብቻ ነው፤ ከፍሎ ጥቁር ስክሪን ያየ ደንበኛ ቀጥታ የሚሄደው ወደዚያው ቴሌግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ ክሮምም በአብዛኛው ኤል3 ስለሆነ «ለተሻለ ጥራት በኤጅ ወይም በሳፋሪ ይክፈቱ» የሚል ማሳሰቢያ አኑሩ።

የላይሰንስ መጠየቂያው ቶከን (ጊዜያዊ የይለፍ ኮድ) ከአንድ ተጠቃሚና ከአንድ ፊልም ጋር የታሰረ፣ በ5 ደቂቃ የሚያልፍበት ይሁን። በአንድ አካውንት ከሁለት መሣሪያ በላይ በአንድ ጊዜ እንዳያጫውት ገድቡ። ትክክለኛ ደንበኛ «ላይሰንስ ተከልክሏል» የሚል መልእክት ከደረሰው መጀመሪያ የሰርቨራችሁን ሰዓት እዩ፤ ጥቂት ደቂቃ ከተዛባ ቶከኑ ገና ሳይደርስ ያልፍበታል። አፓችሁ ውስጥ የማጫወቻው መስኮት ላይ «ፍላግ ሴኪዩር» የተባለውን ማዘዣ አብሩ፤ ስክሪን ሪከርድ ሲደረግ ጥቁር ይወጣል።

ቴሌቪዥን ፊት የተደቀነን ካሜራ ዲአርኤም አያቆመውም። እዚህ የሚረዳው ሌባውን መለየት ነው። ቀላሉ መንገድ የደንበኛውን የውስጥ መለያ ቁጥር አደብዝዞ፣ ቦታውን ሳይታሰብ እየቀያየሩ ምስሉ ላይ ማሳየት ነው። ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል አታሳዩ፤ የደንበኛችሁን ገመና ማጋለጥ ይሆናል። ጠንካራው መንገድ ድብቅ ዋተርማርክ (ምስሉ ውስጥ የተቀበረ መለያ) ነው፦ እያንዳንዱ የ4 ሰከንድ ቁራጭ ለዓይን በማይለዩ ሁለት ቅጂዎች ይዘጋጃል፤ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ቅጂዎቹን በተለያየ ቅደም ተከተል ያቀብላል። 20 ቁራጭ፣ ማለትም 80 ሰከንድ፣ 1,048,576 ደንበኞችን ለመለየት ይበቃል። ፊልሙ ረጅም ስለሆነ መለያው ደጋግሞ ይመላለሳል፤ ተቆርጦ ቢለጠፍም ይነበባል። ማከማቻችሁን እጥፍ ስለሚያደርገው ለአዲስ ፊልም የመጀመሪያ ሳምንታት ብቻ ተጠቀሙበት። ሁለት ሰዎች ቅጂያቸውን ቢቀላቅሉ መለያው መነበቡን ዋተርማርኩን የሚሸጥላችሁ ድርጅት በሙከራ ያሳያችሁ።

ለወጣው ፊልም ዩቲዩብ ላይ የቅጂ መብት ማመልከቻ ቅጹን ስትሞሉ «ወደፊት ቅጂዎች እንዳይጫኑ ከልክል» የሚለውን ምልክት አድርጉ። ተቀባይነት ያለው ማመልከቻ ካስገባችሁ በኋላ ተመሳሳይ ቪዲዮ ፈልጎ የሚያሳየው መሣሪያ ሊከፈትላችሁ ይችላል። ቴሌግራም ላይ የቻናሉን ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ የእያንዳንዱን መልእክት ሊንክ ላኩ። ከፕሮዲውሰሩ ጋር ያላችሁ ውል በጽሑፍ ይሁን፤ ኢንተርኔት ላይ የማሳየት መብት ለብቻችሁ መሰጠቱንም በግልጽ ይናገር። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ባሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 መሠረት ፍርድ ቤት ብትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ይህንኑ ነው። እንዲነሳ ከማመልከታችሁ በፊትም ፋይሉን አውርዱ፣ ገጹን ከነቀኑና ከነተመልካች ቁጥሩ ፎቶ አንሱ፤ ከተነሳ በኋላ ዋተርማርኩን የምታነቡበት ቅጂ አይኖራችሁም።